ሲዲው ደህና ነበር፣ ያሳሳተኝ ትርፉ ነው

ሊኑክስ ላይ አንድ አይኤስኦ ፋይል (የሙሉ ሲዲ ይዘት በአንድ ፋይል) ሲዲ ላይ ጻፍኩ። መልሼ ዲዲ በሚባለው የመገልበጫ ትዕዛዝ አነበብኩትና ቼክሰሙን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር፣ ሻ256ሰም በሚባለው ትዕዛዝ አስልቼ ከዋናው ፋይል ጋር አወዳደርኩ። አልገጠመም። የመጻፊያ ፍጥነቱን ቀነስኩ፣ ሌላ ሲዲ ሞከርኩ፣ ድራይቭ ቀየርኩ። ወይ ፍንክች! ሁለት ቀንና አምስት ሲዲ በላብኝ።

የሁለቱን ፋይሎች መጠን ሳይ ነው የገባኝ። ከሲዲው የተነበበው ይበልጣል። መጻፊያው ፕሮግራም መጨረሻ ላይ ባዶ ሴክተሮች (ዳታ የሚጻፍባቸው የሲዲው ትንንሽ ክፍሎች) ጨምሯል፤ ዲዲም እነሱን አብሮ ጠርጎ ያነባል። አንዲት ባይት ከተረፈች ደግሞ ቼክሰሙ ሌላ ነው።

የዋናውን ፋይል መጠን በባይት ወስጄ ለ2048 አካፈልኩ፤ አንዱ ሴክተር 2048 ባይት ነውና። የኔው 734,003,200 ስለነበር 358,400 ሴክተር ሆነ። ሲዲውን አውጥቼ መልሼ ከተትኩ፤ ያለዚያ ኮምፒውተሩ ቀድሞ ያነበበውን ከሜሞሪ ሊያነብ ይችላል። ከዚያ ዲዲን ቢኤስ (የአንዱ ንባብ መጠን በባይት) 2048፣ ካውንት (የንባቡ ብዛት) 358400 ብዬ አዘዝኩት። ገጠመ። የጣልኳቸውንም ከቅርጫት አውጥቼ ፈተሽኩ፤ አምስቱም ደህና ነበሩ።