ደመወዙ አነሰ ወይስ ጎደለ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ቡና በተጠጣበት ሁሉ ይህን ጥያቄ አታጡትም። «ከዝቅተኛው ደመወዝ በታች ነው የሚከፍለኝ፣ የት ልክሰሰው?» መልሱ ደስ አይልም። ይህን እስከምጽፍ ድረስ በግል ድርጅት ለተቀጠረ ሰው በአገር ደረጃ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም (ኢሠማኮ) ስንት ዓመት ጮኾበታል። ወለሉ ግን ገና አልተነጠፈም።

ስለዚህ «ያንሳል» ብሎ መክሰስ አያዋጣም። «ጎድሏል» ብሎ መክሰስ ግን ያዋጣል። የሚከፈላችሁ ከተስማማችሁበት ወይም ከአዋጁ ስሌት ካነሰ፣ እሱ እዳ ነው። መጀመሪያ የጎደለው የት ጋ እንደሆነ ፈልጉ።

ምልክት፦ የተስማማችሁበት ሌላ፣ የሚደርሳችሁ ሌላ

የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ አንድ ቤት ተቀጥራ ነበር። የወር መጨረሻ ላይ ሂሳብ ያዡ ፔሮሉን፣ ማለትም የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ አጥፎ ያቀርብላታል። ስሟና መፈረሚያው ብቻ ነው የሚታየው። ብሩ የተጻፈበት ዓምድ እጥፉ ውስጥ ነው። ስድስት ወር እንዲህ ፈረመች። በሰባተኛው ወረቀቱ ከእጁ አምልጦ ተዘረጋ። የተጣራ 5,200 ብር ይላል። ስትቀጠር የተባለውም ይኸው ነበር። በቴሌብር የሚገባላት 3,900። ስትጠይቅ «ለጊዜው ነው፣ ይስተካከላል» ይሏት ነበር።

ምክንያቱ ወረቀት አለመኖሩ ነው። እኛ ጋ ሥራ በዘመድ ይገኛል። ዘመድ ባስገባችሁ ቤት «ውል ይጻፍልኝ» ማለት ነውር ይመስላል።

መፍትሄው፦ የቃል ውልም ውል ነው። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ባይሰጥም መብታችሁ አይጠፋም። ፔሮሉ ላይ ጠቅላላው፣ ተቀናሹና የተጣራው መታየት አለበት፤ የምትፈርሙትም እሱን አይታችሁ ነው። አላሳይም ካለ ከፊርማችሁ ጎን በእጃችሁ «3,900 ብር ተቀብያለሁ» ብላችሁ ጻፉ። አስቀያሚ ፊት ታያላችሁ፣ ቻሉት። የቴሌብር መልእክቶችን አታጥፉ። ባንክ ከሆነ ስቴትመንት አውጡ።

ምልክት፦ ደመወዙ ልክ ነው፣ ሰዓቱ ግን አያልቅም

ሆቴልና ካፌ የሚሠሩ ልጆች ይህን ያውቁታል። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው። የሰዓቱ ክፍያ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋት በ1.75፣ በሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል።

እናስላው። ጠቅላላ ደመወዙ 5,200 ብር ነው እንበል፤ ለ208 ሰዓት (በቀን 8፣ በወር 26 ቀን) ብናካፍል ሰዓቱ 25 ብር ነው። ቀን ላይ የተሠራ ትርፍ ሰዓት 37.50 ይሆናል። በቀን 2 ሰዓት እያስመሸ በወር 26 ቀን ያሠራ ሰው 1,950 ብር እዳ አለበት። ምሳ መጋበዙ ይህን አይተካም! የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ደብተር ላይ አስፍሩ።

ምልክት፦ ቅጣት፣ የተሰበረ ብርጭቆ፣ ጡረታ

በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ ወይም እናንተ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ ከደመወዛችሁ አይቆረጥም። ቢቆረጥም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አያልፍም። ለጡረታ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ቆርጦ ገቢ ሳያደርግ የሚቀመጥ ሞልቷል፤ በጡረታ መለያ ቁጥራችሁ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ አጣሩ።

የቤት ሠራተኞችን ይህ አዋጅ አይሸፍናቸውም። ያሳዝናል፣ ግን እንዲያ ነው።

የት ይኬዳል?

ድሮ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ስንለው የነበረው ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ አለው፣ እዚያ አመልክቱ። ካልሆነ የፍርድ ቤቱ የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። አቤቱታ አቀረብክ ብሎ ማባረርም ሕገ ወጥ ነው።

እኛን ወሎዬዎችን የሚጎዳን ግን ይሉኝታው ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ካለፈ መጠየቅ አይቻልም። እያንዳንዱ ወር የራሱ ቆጠራ አለው። ሽማግሌ ተልኮ፣ አበጋር (የወሎ ባህላዊ አስታራቂ) ተቀምጦ፣ ቡናው ሦስተኛ ሲደርስ ይርጋው አይቆምም። የሚያቋርጠው ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ወይም ፍርድ ቤት ማመልከት፣ አለዚያም አሠሪው እዳውን ማመኑ ነው። እርቁ ይቅር አልልም፤ እኔም ሽማግሌ ሆኜ ተቀምጬ አውቃለሁ። ግን «ይህን ያህል ብር አለብኝ» ብሎ ጽፎ ካልፈረመ ማመልከቻውን ጎን ለጎን አስገቡ።

የእህቴን ልጅ «ተይ እስኪ፣ በሽማግሌ ይለቅ» ያልናት እኛው ነን። ሽማግሌው ሁለት ወር ተኩል ፈጀ። ስታመለክት አሥረኛው ወር ተጋምሷል። የስድስት ወሩ 7,800 ብር ተከፈላት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 3,900 ብር ግን በይርጋ ቀረ። ልክ አንድ ወር ሙሉ ሠርታ እጇ የሚገባው ያህል።