ለስላሳ ከጠጡ በኋላ መራመድ፦ መቼ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምንስ አያድንም?

330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮላ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ወደ 9 የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ፈሳሽ ስለሆነና ፋይበር ስለሌለው ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል፤ የደም ስኳርም አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ጣራው ላይ ይደርሳል። እንግዲህ እግር መንቀሳቀስ ያለበት ከዚያ በፊት ነው። «ማታ ጂም እገባለሁ» ብሎ ቀን ላይ መጠጣት ለሌላ ነገር ይጠቅም ይሆናል እንጂ ያንን ጣራ አይነካውም።

ጠጥተው በጨረሱ በ10 እና በ15 ደቂቃ መካከል ይነሱና 15 ደቂቃ ያህል ይራመዱ። ሳያለከልኩ ማውራት የሚችሉበት ፍጥነት ይበቃል። ሥራ ወንበር ላይ ካሰራችሁ ደግሞ በየ20 ደቂቃው ተነስቶ 2 ደቂቃ መንጎራደድ ይቻላል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ስኳርና ስብ ያለበት መጠጥ የጠጡ ሰዎች ይህን ሲያደርጉ፣ ዝም ብለው ከተቀመጡበት ቀን ይልቅ የደም ስኳራቸው ጭማሪ በሩብ ያህል አንሶ አግኝቶታል። መውጫ ከሌለ ከወንበር ብድግ ቁጭ ማለት። እጅ ማወዛወዝ ግን እምብዛም ነው፤ ስኳሩን በብዛት የሚወስዱት የጭንና የመቀመጫ ትልልቅ ጡንቻዎች ናቸው።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ጡንቻ ሲኮማተር ግሉኮስን (የደም ስኳርን) የሚያስገቡት በሮቹ ኢንሱሊን ሳይጠብቁ ይከፈታሉ፤ ቆሽትም ብቻውን አይደክምም። ወዲያው መሮጥ ግን አይመከርም። ጋዝ የሞላው ሆድ ይቆርጣል፤ በጣም ከባድ እንቅስቃሴ ደግሞ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር እንዲለቅ ያደርገዋል።

የስኳሩ ግማሽ ያህል ፍሩክቶስ የሚባለው የስኳር ዓይነት ነው፤ እሱ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ጉበት ነው፤ ትርፉም ወደ ስብ ይቀየራል። ለዚህ የ15 ደቂቃ እርምጃ አቅም የለውም፤ የሚቆጠረው የቀኑ ድምር ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ወጣቶች ለሁለት ሳምንት በየቀኑ 75 ግራም ተጨማሪ ፍሩክቶስ ወስደው ነበር። በቀን ወደ 4,500 እርምጃ ብቻ ሲሄዱ ከምግብ በኋላ የሚታየው የደም ስብና የብግነት (የሰውነት ውስጣዊ መቆጣት) ምልክት ጨመረ፤ እነዚያው ሰዎች ከ12,000 በላይ ሲሄዱ ያ ጭማሪ አልታየም። (12,000 እርምጃ ከ8 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ «ቀላል» ለማለት ድፍረት ይጠይቃል።)

ካሎሪውን በእግር እመልሳለሁ ማለት ደግሞ የማያዋጣ ሒሳብ ነው። ጣሳው 140 ገደማ አለው፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ15 ደቂቃ እርምጃ የሚያወጣው 60 እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ጥርስን እንቅስቃሴ አያድነውም። እየተራመዱ ጥቂት ጥቂት መጎንጨትማ የባሰ ነው፤ አፍ ይደርቃል፣ አሲዱም ሳይታጠብ ይቆያል። ከምግብ ጋር ጠጥቶ መጨረስና በውኃ መጉመጥመጥ ይሻላል፤ ብሩሽ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይቆይ፣ የለሰለሰውን ሽፋን ይፍቀዋልና።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ከመራመዳቸው በፊት ይለኩ። ለስላሳውን የጠጡት ስኳር ወርዶባቸው ከሆነ ግን አይነሱ፤ 15 ደቂቃ ቁጭ ብለው እንደገና ይለኩ።