ወደ አሮጌ ማዕድን ማውጫ በሚወስድ የጫካ መንገድ ላይ እንዴት ይነዳል?

በጫካ ውስጥ ተረስተው የቀሩ የማዕድን ማውጫዎችን ለማየት የሚጓዝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው መድረሻውን ነው፤ የዛገውን የእንፋሎት ማሞቂያ፣ ጣሪያው የወደቀውን የሠራተኞች መኖሪያ፣ የድንጋይ መውቀጫውን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መንገዱ ራሱ የማዕድኑ ሥራ አንድ አካል እንደሆነ፣ አሠራሩን ሳያውቁም ሊነዱበት እንደማይገባ የገባኝ አንዱ የኋላ ጎማዬ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ በኋላ ነው።

ከመነሳትዎ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑንና ፈቃድ የሚጠይቅ መሆን አለመሆኑን ደኑን ከሚያስተዳድረው አካል ያረጋግጡ። ካርታውን አስቀድመው ስልክዎ ላይ ይጫኑ፤ የወረቀት ካርታም ይያዙ። የሚመለሱበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ይንገሩ። ስኮርታ፣ ክሪክ፣ ክሪኩ ለስላሳ አፈር ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚነጠፍ ወፍራም ጣውላ፣ በቂ ውሃና መጎተቻ ገመድ ያስፈልጋሉ። ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ ያለውን ገመድ በበኩሌ አልወደውም፤ ተወጥሮ ሳለ ቢበጠስ መንጠቆው እንደ ጥይት ይወረወራል።

አስፋልቱ ሲያልቅ የጎማውን አየር ይቀንሱ። 35 ፒኤስአይ ገደማ የነበረውን ወደ 22 ገደማ ማውረድ ለብዙ መኪና ይስማማል፤ የተነፈሰ ጎማ ሾጣጣውን ድንጋይ በመምታት ፈንታ ያቅፈዋል፣ መሬቱንም በሰፊው ይይዛል። መልሶ የሚነፋ ኮምፕረሰር ካልያዙ ግን ባይነኩት ይሻላል፤ አየር ያነሰው ጎማ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ግሎ ይበላሻል። ከመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕረሰር ጣሪያ ላይ ከሚደረደሩት መብራቶች ሁሉ የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከእነዚህ መንገዶች ብዙዎቹ የተቀየሱት በበቅሎ፣ በፈረስና በበሬ ለሚጎተት ጋሪ ነው። ሠሪዎቹ የተራራውን ጎን ወደ ውስጥ ይቆርጡና፣ የወጣውን ድንጋይ በገደሉ በኩል ያለ ሲሚንቶ እየደረደሩ ወይም በግንድ እየደገፉ መንገዱን ያሰፉት ነበር። ስለዚህ በተራራው በኩል የሚሽከረከረው ጎማዎ የሚረግጠው የተፈጥሮ መሬት ሲሆን፣ በገደሉ በኩል ያለው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዝናብ ሲያጥበው በኖረ ካብ ላይ ነው። ከላይ ሁለቱንም ሣር ስለሚያለብሳቸው ከሾፌሩ ወንበር ላይ ሆኖ መለየት አይቻልም።

እኔ ከፊቴ የመጣ መኪና ለማሳለፍ ብዬ፣ ጨዋነት መስሎኝ፣ ወደ ገደሉ ጥግ ያዝኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ጠጠር ወደ ታች ሲንኮሻኮሽ ነው፤ ቀጥሎም መኪናው ከኋላ በኩል ቀስ ብሎ አዘነበለ። ያሳለፍኩት ሾፌር ገመድ ይዞ ባይመለስና መኪናውን ከላይ ወጥሮ ባይይዝልኝ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጠባብ ቦታ ሲያጋጥመኝ መኪናውን አቁሜ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ከተቻለም ከታችኛው ጠመዝማዛ ላይ ቆሜ ካቡን ወደ ላይ አያለሁ። ሆዱ ወደ ውጭ ያበጠ ካብ፣ ከሥሩ አዲስ የወደቀ ድንጋይ፣ መንገዱ ላይ ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ፣ ወደ ገደሉ የተጋደመ ዛፍ፤ ከእነዚህ አንዱን ካየሁ እመለሳለሁ። ካቡ ደህና ቢመስልም እንኳ የተራራውን ጥግ ይዘው፣ ሌላ ሰው ከፊት እየመራዎ ይለፉ። ሌላ መኪና ሲመጣ በብዙ ቦታ ቅድሚያው ዳገቱን ለሚወጣው ነው፤ ነገር ግን ሰፊው ቦታ ለማን እንደሚቀርብ አይታችሁ ብትስማሙ ይሻላል።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት እያስያዙ ይውረዱ፤ ፍሬን ረግጦ መቆየት በጠጠር ላይ ያንሸራትታል።

ከማዕድኑ ቦታ ሲደርሱ መኪናውን ራቅ አድርገው ያቁሙ። ከኮረብታው ጎን እንደ ምላስ የወረደ የጥራጊ ድንጋይ ክምር ካዩ ከራሱ ላይ ብዙውን ጊዜ የማዕድኑ ዋሻ አፍ አለ ማለት ነው። መሬቱ እንደ ማጥለያ ወደ ውስጥ የሰረጎደበት ስፍራ ከሥሩ የተደረመሰ ጉድጓድ ሊሆን ስለሚችል አይጠጉት፤ በበሰበሰ ጣውላ የተከደኑ ጉድጓዶችም አሉ። ዋሻው የቱንም ያህል ጠንካራ ቢመስል አይግቡ። የምንተነፍሰው አየር 20.9 በመቶው ኦክስጅን ሲሆን፣ አየር በማይዘዋወርበት ዋሻ ውስጥ ግን ይህ መጠን ያለ ምንም ሽታ ሊወርድ ይችላል፤ ሰውየው የሚያውቀው ጉልበቱ ሲከዳው ነው። ድማሚት፣ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1867 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት ጊዜ አንስቶ፣ በማዕድን ሥራ ተስፋፍቷል፤ ሲያረጅ በውስጡ ያለው ፈንጂ ፈሳሽ፣ ናይትሮግሊሰሪኑ፣ ላብ መስሎ ስለሚወጣ በጥቂት ንቅናቄ ሊፈነዳ ይችላል። አሮጌ ሳጥን ካዩ ሳይነኩ ቦታውን መዝግበው ለፖሊስ ያሳውቁ። ብርቱካንማ ውሃ አይጠጡ። ምንም የማይበቅልበት ደቃቅ ዝቃጭ ሜርኩሪ፣ አርሴኒክ ወይም ሲያናይድ ሊኖርበት ስለሚችል ልጆች አይጫወቱበት።

የወርቅ ድንጋይ መውቀጫውን ግን ጊዜ ሰጥተው ይዩት። ብዙውን ጊዜ በተዳፋት ላይ በደረጃ ይሠራ ነበር፤ ድንጋዩ ከላይ ገብቶ በራሱ ክብደት ወደ ታች እንዲወርድ። መውቀጫው የብረት ዘነዘና ነው፤ የሚሽከረከር ዘንግ ላይ ያለ ጥምዝ ክንድ ወደ ላይ ያነሳውና ይለቀዋል። ክንዱ ሲያነሳው በጥቂቱ ስለሚያዞረውም የዘነዘናው ጫማ፣ ማለትም ድንጋዩን የሚመታው የታችኛው ጫፉ፣ ዙሪያውን በእኩል እንዲበላ ያደርጋል። ከሥሩ የወደቀውን ምስማር ይመልከቱ፣ ግን ኪስዎ አይክተቱት፤ ክቡ የሽቦ ምስማር የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ስለሆነ፣ ባለ አራት ማዕዘኑ ምስማር ቤቱ መቼ እንደተሠራ ለሚያጠና ሰው ፍንጭ ነው። በብዙ አገርም ከእንዲህ ዓይነት ቦታ ቅርስ መውሰድ ያስቀጣል።

ለመመለስ ፀሐይ እስክትጠልቅ አይጠብቁ፤ በድንግዝግዝ የመንገዱ ጠርዝና ጥላው አይለዩም። አስፋልት ላይ እንደወጡ ጎማውን ይንፉ፣ ውስጠኛውን ጎንም በእጅዎ ዳሰው የተቀደደ እንዳለ ያረጋግጡ።