ፎቶው ላይ ያ ምልክት ከየት መጣ?

ጥቁርና ነጭ ፎቶ የማጥበው ቤቴ ነው። የሰርቪስ ክፍሏን መስኮት በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍኜ ጨለማ ክፍል አደረግኳት። ባለፈው ወር የአያቴን ፎቶ ሳጥብ ግራ ታችኛው ጥግ ላይ ፈዘዝ ያለ ምልክት ወጣ። የአውራ ጣት ያህላል። ልክ የነጠላዋ ጥለት ላይ አረፈ። ሁለተኛ አጠብኩ፤ አሁንም አለ፣ ግን ትንሽ ከፍ ብሏል። ሦስተኛው ላይ የለም። አራተኛው ላይ ተመለሰ።

ወረቀቱን ያመጣችልኝ እህቴ ናት፣ ከዋሽንግተን። ሙሉ ፓኬቱ 25 ወረቀት ነው። ስለዚህ ሦስት ወረቀት ሲበላሽ ያማል። መጀመሪያ የኤርፖርቱን የኤክስሬይ ማሽን ጠረጠርኩ። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም። እንዴት እንዳገኘሁት ልንገራችሁ፤ የእናንተም ምልክት በዚሁ መንገድ ሊገኝ ይችላል።

የተበላሸውን አትጣሉ። ከማጠባችሁ በፊት ደግሞ የወረቀቱ ጀርባ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጻፉ፣ የላይኛውንም ጎን ምልክት አድርጉበት። በኋላ ሁሉንም ጎን ለጎን ደርድራችሁ ስታዩ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ ምልክቱ ቦታ ይቀይራል ወይስ አይቀይርም?

ካልቀየረ ኔጋቲቩን (ምስሉ በተገላቢጦሽ ያለበትን ፊልም) ከመያዣው አውጥታችሁ ግማሽ ዙር አዙሩትና እንደገና እጠቡ። ምልክቱ ከምስሉ ጋር አብሮ ከዞረ ኔጋቲቩ ላይ ነው። ምስሉ ዞሮ ምልክቱ ባለበት ከቀረ ግን የኢንላርጀሩን (ኔጋቲቩን አጉልቶ ወረቀቱ ላይ የሚያበራውን መሣሪያ) መስታወትና መያዣውን ጥረጉ።

ኔጋቲቭ ላይ ከሆነ ቀለሙ ይናገራል። አቧራ ብርሃን ይከለክላል፤ ስለዚህ ፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር ነጥብ ተቃራኒው ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ብርሃን በዝቶ አልፏል ማለት ነው። ክብና ጥርት ያለ ጥቁር ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፊልሙ ሲታጠብ ከተጣበቀ የአየር አረፋ ነው። ዴቨሎፐሩን (ምስሉን የሚያወጣውን ኬሚካል) እንደጨመራችሁ ፊልሙ ያለበትን ታንክ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርጉት፣ አረፋው ይለቃል። ምስሉን የያዘው የፊልሙ ሽፋን ከተጫረም ጥቁር መስመር ይወጣል።

ምልክቱ ቦታ ከቀየረ ወደ ወረቀቱ፣ ወደ መብራቱና ወደ እጃችሁ ዙሩ።

ወረቀቱን መፈተን ቀላል ነው። ወረቀቱን አይጎዳም ተብሎ የሚበራውን ቀዩን መብራት ሳይቀር አጥፉ። አንድ ወረቀት ለሁለት ቁረጡ። አንዱን በቀጥታ ፊክሰር (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) ውስጥ፣ ሌላውን መጀመሪያ ዴቨሎፐር ከዚያ ፊክሰር ውስጥ ክተቱ። ሁለቱም እኩል ነጭ ከሆኑ ወረቀቱ ደህና ነው። ዴቨሎፐር ያየው ከጠቆረ ወረቀቱ አርጅቷል ወይ ብርሃን አግኝቶታል። የኔ ሁለቱም ወተት መሰሉ። ኤርፖርቱ ነጻ ወጣ።

ለቀዩ መብራት ሳንቲም ይበቃል። ወረቀቱን በኢንላርጀሩ ሲታጠብ ስስ ግራጫ እንዲሆን ያህል ብርሃን ስጡት፤ ትንሽ ብርሃን የቀመሰ ወረቀት በቀዩ መብራት ይበልጥ ቶሎ ይጎዳል። የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጡበትና ቀዩን መብራት አብርታችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሲታጠብ የሳንቲሙ ክብ ከታየ መብራቱ ወረቀቱን እየጎዳ ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ተራ አምፖል እኔ አላምንም።

እኔ ጋ ክብ አልታየም። የቀረው እጄ ነበር።

ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ አንድ ባልዲ ውሃ አለ፣ በሩ ጀርባ ሚስማር ላይ አንድ ፎጣ ተሰቅሏል። ከፊክሰሩ ትሪ ፎቶ አወጣለሁ፣ እጄን ባልዲው ውስጥ ለቅለቅ አደርጋለሁ፣ በፎጣው እጠርጋለሁ፣ አዲስ ወረቀት አነሳለሁ። መብራት አብርቼ ፎጣውን ሳየው ጫፉ እንደ ካርቶን ደርቆ ቆሟል። ነጭ ዱቄት አለበት። አፍንጫዬ ላይ ሳስጠጋው የፊክሰር ሽታ ነው።

ፊክሰር ሥራው ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው ከወረቀቱ ማሟሟት ነው። እጄ ላይ ያለው ቅሪት ወረቀቱ ዴቨሎፐር ሳይገባ ጨውን ይበላል፤ ቦታው ይፈዛል። ጣት ላይ ያለው ዴቨሎፐር ከሆነ ደግሞ አሻራው ጠቁሮ ይወጣል። ለማረጋገጥ አውራ ጣቴን ፎጣው ላይ አሽቼ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጫንኩ። ብርሃን ሰጥቼ አጠብኩት። አሻራዬ መስመር መስመሩ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ወጣ። ሦስተኛው ፎቶ ንጹህ የሆነውም ስልክ ላነሳ ወጥቼ እጄን በሳሙና ታጥቤ ስለተመለስኩ ነበር።

አሁን ሁለት ባልዲ አለኝ፤ አንዱ ለመጀመሪያው ማለቅለቂያ፣ አንዱ ለንጹህ። ፎጣውም ሁለት ነው፤ ነጩ ፎጣ፣ ወረቀት ከመንካቴ በፊት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ትሪ የራሱ መቆንጠጫ አለው። የፊክሰሩ መቆንጠጫ ዴቨሎፐር ውስጥ በፍጹም አይገባም።

ሌሎቹን ቶሎ ልበል። ጨረቃ የመሰለ ጥቁር ምልክት ካያችሁ ወረቀቱን ስታነሱ ጎብጦ ነው፤ በሁለት እጅ፣ ከጠርዙ አንሱት። ከሳምንታት በኋላ ብቅ የሚል ቡናማ እድፍ የደከመ ፊክሰር ወይ ያነሰ መታጠብ ነው። ፕላስቲክ ሽፋን ያለው ወረቀት በሚፈስ ውሃ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፣ የፕላስቲክ ሽፋን የሌለው የፋይበር ወረቀት ግን አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ደፍርሶ ነው የሚመጣው። አሸዋው የራሰውን የወረቀት ገጽ ይቧጥጣል። አዝቅጡትና በጨርቅ አጥልሉት።

የአቧራ ነጭ ነጥብ በቀጭን ብሩሽ ይሸፈናል። ከምትፈልጉት በጣም በቀጠነ ግራጫ ቀለም ጀምራችሁ ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉት። የአውራ ጣት ምልክት ግን ለብሩሽ ሰፊ ነው። አምስተኛ ወረቀት አወጣሁ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ በነጩ ፎጣ አደረቅኩ። የአያቴ ጥለት ክር ክሩ እየታየ ወጣ።