የአሮጌው ሮቦት መቆጣጠሪያ ይቀየር ወይስ ሮቦቱ? መጀመሪያ ግራሶውን እዩ

አዳማ ውስጥ ከረጢት የሚደረድር ወይም ብረት የሚበይድ አሮጌ ሮቦት ያላችሁ ባለሙያዎች፣ መቆጣጠሪያው (ሞተሮቹን የሚያዝዘው የኤሌክትሮኒክስ ካቢኔት) በተደጋጋሚ ስህተት ስላሳየ ብቻ «አዲስ ሮቦት ይገዛ» ብላችሁ አትፈርሙ። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው ኤሌክትሮኒክሱ እንጂ ክንዱ አይደለም።

የሚወስነው የክንዱ ጤንነት ነው። ኃይሉን አጥፍታችሁ ቆልፉ፤ ከዚያ ከየመገጣጠሚያው የማርሽ ሳጥን ጥቂት ግራሶ አውጡና ነጭ ጨርቅ ላይ በስሱ ቀቡት። የብረት ብናኝ በብዛት ካብለጨለጨ ማርሹ እየተበላ ነው። ቀጥሎ ኃይሉ እንደተቆለፈ ከክንዱ ሥር ማንም እንዳይቆም አድርጉና በፍሬን እንደቆመ ጫፉን በእጅ ወዝውዙት። ጎልቶ የሚታይ ልል ካለ፣ አዲስ መቆጣጠሪያ አያድነውም። በተለይ ብዙ መገጣጠሚያዎች ከላሉ፣ ገንዘቡ ለአዲስ ሮቦት ቢውል ይሻላል።

ክንዱ ደህና ከሆነ ሻጩን አንድ ነገር በጽሑፍ ጠይቁት፦ አዲሱ መቆጣጠሪያ ነባሮቹን ሞተሮች ያንቀሳቅሳል? ኢንኮደሮቹንስ (የሞተሮቹን ቦታ የሚለኩትን ዳሳሾች) ያነባል? ሞተሮቹም ይቀየሩ ከተባለ ወጪው ስለሚንር ስሌቱን እንደገና ሥሩ። የድሮው ፕሮግራም እንዳለ ላይሠራ ስለሚችል፣ እንደገና የሚጻፍበትንና ምርት የሚቆምበትን ጊዜም አስቡ።

ምንም ብትወስኑ ፕሮግራሙን ዛሬውኑ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። የኢንኮደር ባትሪ ካለቀ ሮቦቱ ቦታውን ይረሳል፤ ባትሪውን መመሪያው በሚያዝዘው መንገድ ለውጡ። በአዳማ አቧራና ሙቀት የካቢኔቱን ማራገቢያና ማጣሪያ ማጽዳትም እንዳይረሳ፤ አንዳንዱ ተደጋጋሚ ስህተት ከዚያ የሚመጣ ነው።