ድህነትን በሚና ጨዋታ፦ የግማሽ ቀን ሥልጠና እንዴት ይዘጋጃል?

«ለምን በጊዜ አልመጣሽም?» የወረዳ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም የጤና ጣቢያ ነርስ ይህን ሲጠይቅ ክፋት አስቦ አይደለም። የተጠየቀችው እናት ግን ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ ታክሲ ቀያይራ፣ የዕለት ገቢዋን ትታ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ሰው ይህን በገለጻ ከሚሰማው ራሱ ገብቶበት ቢጫወተው ይሻላል።

በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት የሚታወቅ አሠራር አለ። ተሳታፊዎች በቤተሰብ ተከፋፍለው አንድ የችግር ወር ይኖራሉ፤ ወሩ አራት ሳምንት ነው፣ አንዱ ሳምንት 15 ደቂቃ። አወቃቀሩን መውሰድ ይቻላል፤ ይዘቱ ግን ከአቃቂ፣ ከጀሞ፣ ከየካ አባዶ ኑሮ መቀዳት አለበት።

1. አዳራሹን አሰናዱ። ለ30 ሰው የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃል። ቤተሰቦቹ መሃል ይቀመጣሉ። ዙሪያውን ጠረጴዛ ይደረደራል፦ ወረዳ፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የሸማቾች ሱቅ፣ አከራይ፣ ፎርማን፣ እድር፣ አራጣ አበዳሪ።

2. ጠረጴዛዎቹን ኑሮው ለሚያውቃቸው ስጡ። ይህ ከሁሉም ይበልጣል። ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትሸጥ እናት፣ የጉሊት ነጋዴ፣ የቀን ሠራተኛ ከጠረጴዛው ጀርባ ይቀመጡ፤ ሠልጣኙ ሹም ደግሞ ደጅ ይጥና። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል በምን ዓይነት ድምፅ እንደሚነገር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። እንደ አሠልጣኝ አበል ይከፈላቸው፤ ምሳ አብልቶ መሸኘት ነውር ነው።

3. የቤተሰብ ካርድ ጻፉ። ለምሳሌ እንጀራ ጋግራ የምታስረክብ እናት፣ የ7ኛ ክፍል ልጅ፣ የታመሙ አያት። የማንንም ጎረቤት እውነተኛ ታሪክ አትገልብጡ። የጤፍ፣ የዘይት፣ የከሰልና የኪራይ ዋጋ በዚያው ሳምንት ከገበያ ይጠየቅ፤ የዓምናው ጨዋታውን ያበላሻል። ገቢው ከወጪው በጥቂቱ ብቻ ይነስ። በጣም ካነሰ ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት እጁን ይሰጣል፤ በጥቂቱ ሲጎድል ግን ኪራዩን ወይስ መድኃኒቱን እያለ መምረጥ ይጀምራል።

4. የታክሲ ትኬት አዘጋጁ። ማንም ያለ ትኬት ከወንበሩ አይነሳ። መሄጃው አንድ፣ መመለሻው ሌላ ትኬት ነው፤ ሩቅ ሰፈር ነዋሪ የተባለው እጥፍ ይከፍላል። አንድ ፎቶ ኮፒ ጎድሎ መመለስ ምን እንደሚያስከፍል የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

5. አጫውቱ። በፊሽካ ይጀመር፣ በፊሽካ ይቁም። በየመሃሉ ድንገተኛ ካርድ ይታደል፦ ልጅ ታመመ፣ መብራት ጠፍቶ ምጣዱ ቆመ፣ ዝናቡ የግንባታ ሥራ አስቀረ፣ አከራይ ኪራይ ጨመሩ። በሁለተኛው ሳምንት ወረዳው «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብሎ ይዘጋ። የእድር መዋጮም አይረሳ። ብር ሲያጥር ብዙዎች ቀድመው የሚተዉት እሱን ነው፤ የሐዘን ካርድ ሲደርሳቸው ግን ሌላው ጎረቤት ከነችግሩ ለምን ሳያቋርጥ እንደሚያዋጣ ይረዳሉ።

የተቀደደ ልብስ መልበስ፣ የድሃ አነጋገር መኮረጅ፣ ፎቶ ማንሳት ፈጽሞ አይፈቀድ። ከሠልጣኞቹ መካከል ይህን ኑሮ ዛሬም የሚኖረው ሊኖር ስለሚችል፣ የከበደው ሰው ሳይጠየቅ መውጣት እንደሚችል አስቀድሞ ይነገር።

6. ተወያዩ። ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት ይያዝለት። መጀመሪያ ቤተሰቦቹ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ የነበሩት ይናገሩ። «አሳዘኑኝ» ላይ ከቆመ ሥልጠናው ከንቱ ነው። እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከሰኞ ጀምሮ በቢሮው የሚለውጠውን አንድ ነገር ይጻፍ፦ የሚያስፈልጉ ሰነዶችን ዝርዝር በር ላይ መለጠፍ፣ ስብሰባ ካለ ከዋዜማው ማሳወቅ፣ አርፍዶ የመጣን ተማሪ ከመቅጣት በፊት ከየት እንደመጣ መጠየቅ። ወረቀቱን የሥልጠናው አዘጋጅ ይያዝ፤ በወሩ በየቢሮው እየዞረ የተለጠፈውንና ያልተለጠፈውን ይይ፤ ጠረጴዛ ላይ ለነበሩትም ውጤቱን ይንገራቸው።