ሮቦቱ ሊሄድ ሲል ለሚጠፋባችሁ
ደሴም ኮምቦልቻም ለውድድር የሮቦት ኪት የምትገጣጥሙ ልጆች አብሽሩ፣ ጎማው ሊዞር ሲል አርዱይኖው (ሮቦቱን የሚያዘው ትንሹ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ጠፍቶ የሚነሳው ኮዱ ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። እኛ ሁለት ሌሊት ኮድ ስናገላብጥ አድረን ጥፋቱ ያቺ አራት ማዕዘን 9 ቮልት ባትሪ ሆና ተገኘች፣ ሞተር ሲነሳ የሚስበውን ከረንት አትችለውም። በሷ ፋንታ 18650 የሚባለውን ሊቲየም ባትሪ ሁለቱን በተከታታይ ቀጥሉ፣ 7.4 ቮልት ይሰጣል፣ ኤል298ኤን የሚባለው ድራይቨር (ከአርዱይኖው ትዕዛዝ ተቀብሎ ለሞተሩ ከረንት የሚሰጠው ሰሌዳ) ራሱ 2 ቮልት ገደማ ስለሚበላ ጎማውን ለምታዞረው ቢጫ ሞተር 5 ቮልት አካባቢ ይደርሳታል፣ ይበቃታል። ደሞ የድራይቨሩንና የአርዱይኖውን ግራውንድ (GND የሚባለውን የኔጌቲቭ ጫፍ) በሽቦ አገናኙ፣ ያለሱ ሲግናሉ በትክክል አይደርስም። ቻርጅ ግን ለሊቲየም በተሰራ ቻርጀር ብቻ፣ የስልክ ቻርጀር ሽቦ ቆርጣችሁ እንዳትቀጥሉበት በአላህ፣ እሳት ያስነሳል።